ገጽ ሰማንያ ሁለት

የጉዞ መጽሐፍ ምረጭልኝ አልከኝ፤
ከመደርደሪያው ላይ ሦስት አወረድኩኝ።
አንዱ፣ በበረዶ ውሾች የሚጎትቱት፣
ሣቅ ያውቃል ሰውዬው፤ ይበቃል ለአንድ ሌት።
ሌላው ከወደብ ወደብ ዓሣ ሲቀምስ ይኖራል፣
ሲተርከውማ እጅ ያስቆረጥማል፤
ዓሣ አጥማጁን ግን አያየውም።

ሁለቱን መለስኩ። ይሄን ውሰድ።

ጀርባው የተላጠ፣ የበረሃ ጉዞ፣
ፈረንጅ የጻፈው፣ ሦስት ግመል ይዞ፣
ካርታውን፣ መሪውን፣ ስኳሩን ሳይረሳ፤
ቃል አያጣም ከቶ ጥማቱን ሲያወሳ።
ግን እሱን አይደለም የምመርጥልህ።

አፉላ፣ ዝናቡ የቤተ መጻሕፍቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣
ጋሽ አዛናው መጡ፣ ጃኬታቸው ርሶ፣
መጽሐፉ በፌስታል ጠብታ ሳይነካው ደርሶ።
ገለጥኩት። ገጽ ሰማንያ ሁለት፦
«ከጉድጓድ እስከ ጉድጓድ የሁለት ቀን መንገድ»
ይላል ዕብራይስጡ።
ከዳሩ ላይ፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ አማርኛ፦
«ለግመል ነው። በእግር አምስት፤ ያውም በሌት ብቻ።
ጉድጓዱ ደረቅ ነበር።
እኅቴ ፈንታነሽ እዚህ ናት።»

ደንብ ደንብ ነው አልኩኝ፤ መጽሐፍ ላይ የጻፈ ሃያ ሼቅል ይከፍላል።
(አፌ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።)
ከኪሳቸው አውጥተው ሳንቲሙን ቆጠሩ፣
ጠረጴዛዬ ላይ በመስመር ደረደሩ፤
«የቀረውስ ገጽ?» አሉ፤ «ስሕተቱ ብዙ ነው።
ሁሉን ላርመው ብል ስንት ይመጣብኛል?»

እንካ።
የመመለሻ ቀን አላተምኩበትም።
የታተመውን፣ ካሰኘህ፣ ኋላ ትደርስበታለህ፤
ከዳሩ ጀምር።