የዘንጉ ማደሪያ

ከነፍጥ ሥራ ሁሉ የሚከብደው ይኼ ነው፣
እጅ የማይገባበት፣ ዓይን የማያየው።
ሰደፉን መጥረብ ቀላል፣ ቦዩን መቦርቦር ቀላል፣
ስሕተት ከላይ ከሆነ መሮ ይደርስበታል።
የዘንጉ ማደሪያ ግን፣ የመጎስጎሻው ቤት፣
በጨለማ ይሄዳል በዋንዛው አንጀት፤
ከላዩ የብረት ቦይ፣ ከታቹ ባዶ አየር፣
መሐሉ ሥጋ የለው፣ ከጣት ስስ ነው ድንበር።
ሽቅብ ቢያይ ይበሳል፣ ቁልቁል ቢያይ ይወጣል፣
የሁለት ዓመት እንጨት በአንድ ዙር ይሞታል።

አባቴ ባለ እጅ ነበር፣ ከመሐል ሜዳ ዳር።
በቀን «ቡዳ» እያለ የሚሸሸው መንደር
ሲመሽ በጓሮ ያንኳኳል፣ ድምፁን አለስልሶ፣
«ነፍጥ ሥራልኝ» ይላል፣ አንገቱን ቀልሶ።
ዓይኑን ፍም በልቶታል። ደጋኑን ሲገፋ
የሚያየው በጣቴ ነው፣ ቀና ይሁን ይክፋ።

«ትርንጎ፣ ጣትሽን ቦዩ ውስጥ አኑሪ፣
እንጨቱ ሲሞቅሽ ቶሎ ተናገሪ።»
አኖራለሁ።
ደጋኑ ይሄዳል፣ ይመጣል፣
ሞራ የጠጣው ብረት ከሥሬ ያጉረመርማል።
ኋላ ሳረግዝ ነው ስሜቱ የገባኝ፣
ያልታየ ፍጡር ሲገፋ፣ «እዚህ ነኝ» ሲለኝ።
«ሽቅብ ነው» ስለው ያቆማል። ያወጣል። ይነፋል።
ብናኙ ጭኔ ላይ እንደ ሱሬት ይረግፋል።

ሽብሩ ከማማ መጣ፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣
ጠገራውን ቆጠረ፣ ውሃችንን ሳይቀምስ።
«ለመስቀል ይድረስልኝ» አለ፣ «ደም አለብኝ»፤
የማን ደም እንደሆነ ማንም አልነገረኝ።
አውቅ ነበር።
የሰብስቤ ወንድም ነው የገደለው፣
እርሱ ቆላ ወርዷል፣ የቀረው ሰብስቤ ነው፤
ከሰል የሚያመጣልን ውርጩን እየጣሰ፣
ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ፣ ከእኛ ጋር የቆረሰ።

ያን ቀን፣
ሲሞቀኝ ዝም አልሁ፤ ሲያቃጥለኝ ዝም አልሁ።
«እንዴት ነው?» አለኝ አባቴ።
«ቀና ነው» እላለሁ።
የገብስ ቅንጣት ቀረ። የገለባ ያህል።
ከዚያ የብረቱ ጫፍ ጥፍሬን ቧጠጠና
ዋንዛው ብርሃን አየ፤ ሥራው ቀረ መና።

አባቴ ጣቱን ሰዶ ስብራቱን ዳሰሰ፣
ቆይቶ የእኔን ጣት ይዞ ቁስሌን ዳበሰ።
በጥፊ ጠበቅሁት።
«ጉጥ ነው» አለ፣ «ጉጥ አሳተው።»
ጉጥ አልነበረውም።
ከይፋት በትከሻው ተሸክሞ ያመጣው፣
ቆጥ ላይ ሁለት ክረምት ጢስ ያጠጣው፣
እያንዳንዱን መስመር በምላሱ የሚያውቀው
እርሱ ነው።

ሽብሩ ጮኸ፣ ሰደበን፣ እስከ አያቴ ድረስ።
አባቴ መሮውን እየሳለ መለሰ፦
«ሌላው እንጨት ገና ነው፤ እርጥብ እንጨት ይዋሻል፤
ዛሬ ቀና ብሰረስረው ለጥምቀት ይጠማል።
ሁለት ክረምት ጠብቅ።»

ሁለት ክረምት ዘነበ።
በስንት ሰንበት ሽማግሌ ከአጥሩ ሥር ተሰበሰበ፣
በግ ተባለ፣ ጊደር ተባለ፣ መሬት ተባለ፣
አንዴም ተጣልተው ተነሡ፣ ቄሱም መስቀሉን አዘለ።
ሰብስቤ በዚህ መሐል ከሰሉን አላቋረጠም፣
ብቻ በገበያው መንገድ በሌላ በኩል ነው የሚመጣው፣ ቀኑን አይደግምም።

ሽብሩ ተመለሰ፣ ጢሙ አመድ መስሎ።
«ጭላዳ ገብሴን ፈጀው፤ ሥራልኝ» አለ፣ ቁጭ ብሎ።
ቁጭ ብሎ! ውሃም ጠጣ።
ጭላዳ ይሁን ሌላ፣ አባቴ አልጠየቀም፣
እኔም አልጠየቅሁም።
ጣቴን አኖርሁ፤ ሲሞቀኝ «ሞቀኝ» አልሁ በጊዜው፤
ዘንጉ ሸርተት ብሎ ገባ፣ «ቋ» አለ መጨረሻው።

ያ የተበሳው ዋንዛ ዛሬም እኔ ጋ አለ፣
ከአባቴ ቤት የወሰድሁት ሌላ ነገር የለ።
ደህና ተሰርስሮ ቢሆን ድፍን ነበር ጫፉ።
አሁን ከዘንጉ ማደሪያ አፌን አስጠግቼ፣
ያደረ ፍም እቀሰቅሳለሁ አመድ ላይ ደፍቼ፤
ትንፋሼ በጨለማው ተጉዞ ይወጣል፣
ያኔ ዝም ባልሁበት፣ በዚያ ስንጥቅ በኩል።