አራት ፊደል

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣
የሰው ቂም ስጽፍበት፣ የሰው ዕዳ፣ የሰው ድንበር፣
ኪቦርዴ አለቀ።
"ከ" ተፋቀች መጀመሪያ፦ ከሳሽ፣ ክርክር፣ ኪሳራ፤
"ተ" ተከተለቻት ከተጠሪ ጋራ።

ኮምፒውተሬ የሞተው በታኅሣሥ ውርጭ ነው፤
አንዴ አጉረመረመ፣ አንዴ ጨለመበት፣ ያ ብቻ ነው።
ሞኒተሩን ሸጥኩት።
ኪቦርድና ማውሱን ግን ማን ይግዛኝ? ማንም።
የእህቴ ልጅ ኪሩቤል "እትዬ፣ ስጪኝ" አለ፤
አላቅማማሁም።

ስድስት ወር ሌሊት ብርድ ልብስ ሲያመርት፣
ራሱ ሳይሞቀው፣ ሳንቲም ቋጥሮበት፣
የጌም ስልክ ገዛ፤ ከጀርባው ማራገቢያ የሚዞርበት፣
ቀይ መብራት እንደ ልብ የሚመታበት።
"ለስልክ ማራገቢያ? በደብረ ብርሃን?
እኛን ቆፈን ፈጅቶን!"
ሳቀ። "ይሞቀዋል" አለኝ።

የእሱ ችግር ሌላ ነው፤ ሌሊት አውራ ጣቱ
ይደነዝዝበታል፤ አያውቀውም መስተዋቱ።
ጓንት ቢያጠልቅ ደግሞ ስክሪኑ ባዕድ ነው፤
ሱፍ አያውቅም እሱ፤ ሥጋ ነው የሚያምነው።

ስለዚህ ገመድ አመጣ፣ ስንዝር የማይሞላ፣
አንድ አፉ ለስልኩ፣ ሁለት አፉ ለሌላ።
ኪቦርዴን ሰካው፤ ማውሴን ሰካው፤
ስልኩን በድልህ ቆርቆሮ አስደግፎ አቆመው፤
የመዝገብ ክላሰሬን ለማውሱ አነጠፈው።
ያን ጊዜ በዚያች መዳፍ በምታህል መስኮት
ብቅ አለች ነጯ ቀስት፤
ሃያ ሁለት ዓመት "አትም" ላይ ያሳረፍኳት፣
ዛሬ ሰው ግንባር ላይ ሲያሳርፋት።

"ድምፁን ቀንስ፣ ልጄ" አልኩት። ጎረቤት
የስልክ ተኩስ መሆኑን በምን ይወቅበት?
በዚህ ዘመን የሁሉም ጆሮ ከአጥር ውጭ ነው።
ቀነሰ። የቀረው የቁልፍ ድምፅ ነው፤
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤
ያውም ከዚያ ሁሉ ፊደል አራት ብቻ፦ ወ፣ አ፣ ሰ፣ ደ።
በ"ወ" ወደፊት፣ በ"ሰ" ወደኋላ፣ በ"አ" ግራ፣ በ"ደ" ቀኝ ሄደ።
ሌላው ተኛ፤ አመልካች የለ፣ ተጠሪ የለ፤
የ"ከ" ቁስል እንኳ ትንሽ ዕረፍት አገኘ፣ ጠገግ አለ።

ቁጭ ብዬ ሳየው፣ ሥራ አይፈታም ልቤ፣
በአራቱ ፊደል ቃል ፈለግኩ፣ ሰብስቤ፦
ወደደ።
ሰደደ። አሳደደ።
አደሰ።
ዳሰሰ።
አወደሰ።
ደግሞም፦ ወሰደ።

እሷን ሳገኝ ቆምኩ።
ሃያ ሁለት ዓመት የጻፍኩት እሷን ነበር፤
ማሳዬን ወሰደ፣ ጥጃዬን ወሰደ፣ ገፋብኝ ድንበር፣
ልጆቼን ወሰደ፣ ደሞዜን ወሰደ፤
ስንቱ ቁጭት በጣቴ በኩል ወረደ።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ፤ ኔትወርክም አብሮ።
ጌሙ አልከፈት አለ፤ ኪሩቤል ተቀመጠ አገጩን በጋቢው ቀብሮ።
በር ተንኳኳ።
ጋሽ እንግዳወርቅ ናቸው፣ ከአንጎለላ፤
ነገ ቀጠሮ አለባቸው፤ እጃቸው ላይ ወረቀት የለ፣ ሌላም ሌላ።
"ኮምፒውተሯ ሞቷል ቢሉኝ፣ አንቺ አለሽ ብዬ መጣሁ" አሉ።

ልጁ ስልኩን አየ። እኔን አየ።
ነጭ ገጽ ከፈተልኝ።
ከዚያች ቀይ ብርሃን በቀር ሁሉ ጨለማ፤
ጣቶቼ ቦታቸውን ያዙ፣ ማንም ሳይጠራ፣ ማንም ሳይሰማ።
"ጉዳዩ፦ ጎረቤቴ በሬዬን"
ወ።
ሰ።
ደ።
አራቱም ተፍቀዋል አሁን፤ የልጁ ሥራ፤
የእኔ ጣት ግን አያይም፤ በዳሰሳ ነው የሚሠራ።

ጋሽ እንግዳወርቅ ስልኩን ተጠግተው
እጃቸውን ከማራገቢያው ትንፋሽ አሞቁ፤
"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ።
"የጨዋታ ስልክ ነው፤ ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት ይታተማል" አልኳቸው።
"ዳኛው ብቻ ጨዋታ እንዳይመስለው" አሉ።

ኪሩቤል ከኋላዬ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣
"ሳታዪ እንዴት ነው የምትጽፊው?"
ልመልስለት ስል
መብራት መጣ።
"ጨረስሽ?" አለኝ።
እጁ ቀድሞ ማውሱ ላይ ነበር።