ያልተጻፈው አንቀጽ

የእድራችን መዝገብ፣ ሽፋኑ አረንጓዴ፣
ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ አንዴ፣
ከፊት እስከ ኋላ የእኔው እጅ ጽሕፈት፤
ከአባቴ ደብተር የቀዳሁት በሻማ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት።
ጎረምሳ ነበርሁ፤ ቃል አልጨመርሁ፣ ቃልም አልቀነስሁ፤
ፊደሉን አሳምሬ ዝም ብዬ ገለበጥሁ።

አንቀጽ አራት፦ አርፍዶ የመጣ አምስት ብር ይቀጣል።
አንቀጽ ዘጠኝ፦ ድንኳን ጀንበር ሳትወጣ ይተከላል።
አንቀጽ አሥራ አንድ፦ በለቀስተኛ መሐል ወሬ ያበዛ...
(በዚችኛዋ እኔው ራሴ ሁለት ጊዜ ተቀጥቻለሁ፤
በጻፍሁበት እጄ ብሩን ቆጥሬ ከፍያለሁ።)

ሐሙስ ሌሊት፣ ከሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ከሚታጨድበት፣
እንድሪስ ታንኳ ሠሪው ሞተ፤ ሳል ነበረበት።
የሰፈሩን ስም ታውቁታላችሁ፤ እኔ አልጠራውም፤
ስንጠራው ድምፃችን እንዴት እንደሚያጥር አይጠፋኝም።

ይታክቱ መጣች፤ ዓሣ ነጋዴዋ፣
ቅርፊቱ ገና እንደተጣበቀ በክንዷ።
«ድንኳኑ ይውጣ» አለች።
ሊቀመንበሩ ሳቀ። «አባል ነው እንዴ?»
«አባል ሁን ያለው ሰው አለ እንዴ?»
«ደንብ አለ።»
ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መዝገቡን ገለጥሁ።

ከአንቀጽ አንድ እስከ ማኅተሙ በጣቴ ወረድሁ፤
መነጽሬን ወልውዬ መልሼ ወጣሁ።
የለም።
እነሱ አይገቡም የሚል፣ ድንኳን አይሄድላቸውም የሚል
አንዲት መስመር የለም።
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያከበርነው ሕግ
ወረቀት ነክቶ አያውቅም።

የት ነበረ ታዲያ?
ውሃ ሲጠይቁን ለብቻ ባስቀመጥነው ኩባያ፣
ባጃጅ ውስጥ ሲቀመጡ ፈቀቅ ባደረግነው ጉልበት፣
እናቴ ሳትናገር በዓይኗ ባስተማረችኝ ርቀት፣
«እኔስ ግድ የለኝም፤ ሰው ምን ይላል?» ባልነው ውስጥ።
ምን ይላል የተባለውን ሰው ደግሞ ቆጠርሁት፤
አርባ ሰባት አባል ነው። አንዱ እኔ።

«የለም» አልሁ። ድምፄ ቀጠነ።
ማንም አልተነሣም። ደንቡ ጠፍቶ እንኳ ደንቡ ነበረ።
ይታክቱ የድንኳኑን ብረት በአንድ ጫፍ አነሣች፤
ሌላው ጫፍ አስፋልቱን እየፋቀ ተከተላት።
ያ ድምፅ ነው ያስነሣኝ። ጀግንነት አይደለም፤
ብረት ሲፋቅ ጥርሴ አይችልም።

በዘንባባው ጎዳና ሄድን። መሐል ላይ ሦስተኛ እጅ
ብረቱን አቀለለው፤ ማን እንደሆነ ዞሬ አላየሁም።
ማሩ አግዳሚ ወንበሮቹን በባጃጅ ጭኖ ደረሰ።
ሐይቁ ዳር ስንተክል የእኛ ገመድ ተበጠሰ፤
የሟች ልጅ ሩቅያ በደንገል ልጥ አሰረችው፣
አባቷ ታንኳ በሚያስርበት ቋጠሮ።
እስካሁን አለ። መፍታቱን የሚያውቅ ከእኛ መሐል አልተገኘም።

በወሩ ስብሰባ ዘጠኝ ሰው ስሙን አሰረዘ።
ሊቀመንበሩ ግን ቀረ፤ ለምን እንደቀረ አልገባኝም።
አዲስ አንቀጽ ጻፍሁ፦ «ጎረቤት የሆነ ሁሉ...»
ጽፌ ስጨርስ እጄ ከበደኝ።
ነገ አንድ ጎረምሳ ፊደሉን አሳምሮ ይገለብጠዋል፤
ጎረቤት ማን እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ
ያልጻፍሁለትን ከዓይናችን ያነበዋል።

ይታክቱ ዓሣዋን ሸጣ አርፍዳ ገባች።
አንቀጽ አራት፤ አምስት ብር ቀጣኋት።
እየሳቀች ከፈለች።
ብሩ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። መዝገቡ ውስጥ አስቀመጥሁት።