መቆሙን ያላመነ

ዓርብ ነው፤ ብራይላ፤ ዳኑብ ደፍርሷል፤
የጋራዤን ቆርቆሮ ዝናብ ይወቅጠዋል።
ፓናይት ሽማግሌው፥ ኮቱ እንደ ራሰ፥
በአሮጌ ሬኖው ከደጄ ደረሰ።

«አንቺ ስማራንዳ፥ ሞተሩስ ደኅና ነው፤
ያስቸገረኝ መሪው፥ አልቆለፍ ያለው።
አጥፍቼው ወርጄ፥ በሩን ዘግቼበት፥
ስመለስ እንደ ልብ ይዞራል ያለ እፍረት።»

ሌላው የሚመጣው መሪው ሲታሰርበት፤
የሱ ግን ስሞታ፦ አልታሰር ብሎበት።
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።
ጋላጺ ያለ መካኒክ «ቆላፊው ሞቷል» ብሎ፥
አዲስ ሸጦለታል፥ የሁለት ወር ጡረታ ጠቅልሎ፤
ይኸው መጣ ደግሞ ያንኑ በሽታ አዝሎ።

ከባትሪ ጀመርሁ፥ ወጉ እንዲያ ነውና፤
አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት፤ ምንም አይል፥ ደኅና።
ፊውዙን አወጣሁት፥ ወደ ብርሃን ይዤ
አየሁት፤ ክሩ አለ፤ መለስሁት ተክዤ።
የበሩን መቀስቀሻ በጣቴ ስጫነው
ጣሪያው ላይ መብራት በራ፤ እሱም ጤነኛ ነው።

መሪው ሥር ተኛሁ፥ ወገቤን አጥፌ፥
ሦስት ብሎን ፈታሁ፥ አንዱን በአፌ ደግፌ።
ትንሽ ሞተር አለች፥ ከአውራ ጣት የማትበልጥ፥
ከብረት ምላስ ጋር ጎን ለጎን የምትቀመጥ።
ኮረንቲ በቀጥታ ከቴስተሬ ሰጠኋት፤
ጮኸች፤ ምላሱ ወጣ፤ ጠቅ! አለ፤ ሰማኋት።
ምላስ ካልታመመ ዝም ያሰኘው ማነው?
ኮምፒውተር ሰካሁና ከበላይ ጠየቅሁ፥ ምን ብለኸው ነው?

አራት ጎማ፥ አራት ቁጥር።
ዜሮ።
ዜሮ።
ዜሮ።
የኋላ ግራው፦ ሦስት።
በሰዓት ሦስት ኪሎሜትር።
መኪናው ክሪክ ላይ ነው፤ ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤
በእጄ ያዝሁት። አይንቀሳቀስም። ሦስት ይላል።

የሚሄድ መኪና መሪው አይታሰርም፤
የሠሩት ሰዎች እንዲህ አስምለውታል፥ ሰው እንዳይፈጅ።
ቆመ ካልተባለ ምላሱን አያወጣም።
ይኼ ደግሞ ቆሞ፥ መቆሙን አላመነም።

«ገና እየሄደ ነው ይላል» አልሁት።
ከጎማ ክምር ላይ ተቀምጦ ነበር፤
ሳቅ አለ፤ ከዚያ ሳቁን አቋረጠው።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት መሻገሪያዋን መራሁ፥
ከዚህ ዳር እዚያ ዳር ሰውና ላም አሻገርሁ።
ድልድዩ ሲመረቅ ጡሩምባ ተነፋ፤
መርከቧን በኪሎ ሸጧት፥ ስሟም ጠፋ።
ማታ ስተኛ ግን ወንዙ ይገፋኛል፤
ግራ እግሬ ግድግዳውን ረግጦ ያድራል።
አግላያ ትነቃና ትጮኽብኛለች፦
‹አንተ ሰው፥ ደርሰናል! ውረድ!› ትለኛለች።»

ምን እላለሁ?
ፒንሳ አቀብለኝ አልሁት፤ አቀበለኝ።

ከጎማው ኋላ ሽቦው ውኃ ጠጥቶ፥
እንደ መሬት ሳንቲም አረንጓዴ አብቅቶ፥
ሰውየው በየጊዜው ወንዝ ዳር ሲያቆመው
እርጥቡ ሳይሆን አይቀርም ቀስ እያለ የበላው።
ቆረጥሁ፥ ላጥሁ፥ በየድሁ፥ በቴፕ አሰርሁት፤
ዜሮ ሆነ አራተኛው፤ ሁለቴ አየሁት።

«አጥፋና ውረድ» አልሁት።
አጠፋ። በሩን ከፈተ። እግሩን አወጣ።
ከመሪው ሥር፥ ጠቅ።

በሩን እንደ ያዘ ቀረ።
እጁን ሰዶ መሪውን ሞከረ፤
ጥቂት ዞረ፥ ያዘ።
ደግሞ ሞከረ፤ ያዘ።
«በቃ?» አለኝ።
«በቃ።»

በጋዜጣ የተጠቀለለ ሁለት የጢስ ዓሣ ሰጠኝ፥
የቀረውን ሰኞ ሊከፍለኝ።
አስነሥቶ ወጣ፤ መብራቱን ተከተልሁት፤
መታጠፊያው ላይ ወደ ቤቱ ሲዞር አላየሁት፤
ወደ አሮጌው መሻገሪያ ቁልቁል ወረደ፥
መርከቧ ትታሰርበት ወደ ነበረው ግንድ ሄደ።
ቆመ። መብራቱ ጠፋ። በሩ ሲከፈት ታየኝ።
ዝናቡ ይጮኻል፥ ድምፁ አልደረሰኝ፤
ቆልፏል ግን፥ አውቃለሁ፤
ሽቦውን ያሰርሁት እኔ ነኝ።