የጉዳት ዓይነት

«ስድስት ወር ነው» አሉኝ፣ ከትንሽ አበል ጋር፤
መብራት፣ የጥጥ ጓንት፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ አንድ የሚያነክስ ወንበር፤
ግድግዳው ላይ የእርጥበት መለኪያ፤
መስኮቱ ወደ ጣና፣ ግን እንዳይከፈት የታሸገ፣
ሐይቁ በትንፋሹ ስንቱን ሠርግ፣ ስንቱን ክርስትና
በሻጋታ ስለሸሸገ።

ጋሽ ንብረት፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ የመጀመሪያ ቀን መከረኝ፤
«እዚህ ቤት ጠላታችን ውሃ ነው» አለኝ።
ቀና ስል፣ ከመስታወቱ ማዶ፣
ጠላታችን ተንጣሏል፣ ሰማዩን ከራሱ ጋር አዋህዶ።

ሥራዬን ላየው ሰው ሥራም አይመስል፦
ትንፋሽ ይዞ፣ የተጣበቀን ፎቶ ከፎቶ መነጠል፣
መለካት፣ በእርሳስ ቁጥር መስጠት፤ በብዕር ከቶ አይሆንም፤
ስም ከጠፋ «ያልታወቀ» ብሎ መመዝገብ፤
ያልታወቀ ሰው ግን የለም፣
የሚያውቀው እስኪመጣ ነው።

የ«ፎቶ ንጋት» ሣጥን ደረሰን፣ ሽንብጥ ከተዘጋ ቤት፣
ልጆቹ ከአሮጌ ጎማ ጋር አንድ ላይ ያወጡት።
አራት መቶ ሰባ ሰው፦
ከፈረቃ የወጡ ፈታዮች፣ ሻሻቸው ላይ ብናኝ ጥጥ፣
ምልምል ወታደር፣ ሙሽሮች፣ አምባዛ የታቀፈ አሥጋሪ፣
ሁሉም ከአንድ ሐይቅ ፊት፣ ግድግዳ ላይ ከተሳለ፤
እውነተኛው ሁለት መቶ እርምጃ ላይ እያለ!
የተሳለው አይሸትም፣ ጫማ አያበሰብስም፤
ዳክዬም አለበት፣ አንገቱ ከልክ ያለፈ፣
ተንቀሳቅሶ ፎቶ አያበላሽም።

ቁጥር ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ላይ እጄ ቀጥ አለ።
ወጣት ነው፤ ሰፊ ሱሪ፣ ክንዱን ወንበር ላይ የጣለ፤
ጫማው ያበራል፣ ትከሻው ሙሉ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ሹል፤
ፊቱ ግን፣ ከግንባር እስከ አገጭ፣
በጥንቃቄ ተፍቋል።

ቅጹ ይጠይቃል፦ የጉዳት ዓይነት።
«ፍቀት። ሆን ተብሎ። በሹል ነገር፣ ምናልባት በመርፌ።»
የተከዳች ፍቅረኛ ናት ብዬ ለራሴ ተረት ፈጠርኩ፤
ሻይ ጠጥቼ ወደሚቀጥለው ተሻገርኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቅጂዎቹን በረንዳው ላይ እናሰጣለን፣
የከተማው አዛውንት ስም እንዲያዋጡልን።
እትዬ ይታይሽ መጡ፣ ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ የፈተሉ፣
ጆሯቸውን ማሽን በልቶት፣ እየጮሁ «እ?» የሚሉ።
ጣታቸውን ያ ባዶ ፊት ላይ አሳርፈው
«ይሄን እኔ ነኝ» አሉ።
«እርስዎ? ይሄ እኮ ወንድ ነው።»
«የፋቅኩት!»

«አንዳርጌ ይባላል፣ ታናሼ። በዚያ ሰሞን ፎቶ ይዘው ቤት ለቤት ሲያስሱ፣
ፎቶ አንሺው በጓሮ ጠራኝ፤ ‹መቅደድ አልሆነልኝም› አለ እሱ።
ለእኔም አልሆነ። መርፌ ነበረኝ፣ ቁልፍ የምተክልበት፤
ዓይኑን ቀድሜ። አፉን መጨረሻ፤
ሳቁ አልለቅ ብሎ ነጋብኝ ያን ሌሊት።
በማግስቱ በታንኳ ወጣ፣ እንደ ጭነት ደንገል ለብሶ፣
ወደ ቁንዝላ።»

«ደረሰ?» አልኳቸው።
አልሰሙኝም፤
ወይም ማሽኑ መለሰላቸው።

«ፊቱን እንመልሰው? ኮምፒዩተር አለን፣ ይቻላል» ጮክ ብዬ።
«ለማን ልታሳዩት? ፊቱ እኔ ጋ ነው፣ ልጄ።
የእናንተ ቀሪው ነው።»

ማታ ካርዱን አወጣሁ። የእርሳስ ደግነቱ፣ ላጲስ ይሰማል።
«ያልታወቀ» ሄደ፤ አንዳርጌ ገብቷል።
ከ«ጉዳት ዓይነት» ፊት ያለውንም ጠረግሁ፣ ባዶ ተውኩ፤
«የተደረገ ጥገና» ከሚለው ሥር ይህን ጻፍኩ፦
በመርፌ። አንድ ሌሊት። በእኅት እጅ።

ጋሽ ንብረት ቆሞ አነበበው፤ መነጽሩን ወለወለ።
«እርጥበቱ ጨምሯል» አለ፣
ወደ መለኪያው ሳያይ።