ቁልቁል በጀርባ

ዛሬም ጥርስህ፣ ታውኖ፣ ከነኩባያው ውሃ በረዶ ሆኖ አድሯል፤
እንደ ሮዝ ዓሣ ድዱን ገልጦ ከመስታወት ሥር ተቀብሯል።
የላማ ኩበት አንድጄ ከምድጃው ጫፍ አስቀመጥኩት፤
ሳቅህ እስኪቀልጥልህ ድረስ ዳቦህን በወተት ነከርኩት።

አንተ ደጅ ቆመህ በመዶሻ የበርሜሉን ግግር ስትሰብር፣
አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ዝም፤ ትንፋሽህን ስትቆጥር
በመስኮት አየሁ። አላልኩም ምንም፤
በአርባ ስድስት ዓመት ትዳር ያዩትን ሁሉ አይናገሩም።
ይህ የቦሊቪያ ሜዳ ከባሕር በላይ አራት ሺህ ሜትር ይባላል፤
እንኳን የሽማግሌ ሳንባ፣ ክብሪትም ለመንደድ ይለግማል።

ቀኑን የሚነግረን የኪኒን ሣጥን ነው፣ ሰባት ክዳን ያለው፤
አንዴ የነገውን ዛሬ ውጠን፣ እሑድ መስሎን ቅዳሜው፣
ደወል ደወልን።
ከሳቱርኒና ውሻ በቀር ዝር ያለ አልነበረም፤
ለእሱው ዘመርን።
በማግስቱ ሰባት ሰው መጣ፤ ውሻውም አልቀረም።

እሷው ሳቱርኒና፣ ማክሰኞ ድስቴን ልትመልስ መጥታ፣
ባዶ ዕቃ አይመለስምና ጨው ቢጤ ከውስጡ ከትታ፣
ክብ ባርኔጣዋን አስተካክላ
"ፓስተሩን አፍሬው እንጂ" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
"ይሄን ድሮ በነገርኩት።
በእኛ በአይማራዎች አፍ፣ ፊት ማለት ያየነው ነው፦
እናቴ፣ የጠፋችው ላማ፣ አምና የዘራነው።
የሚመጣው ከኋላ ነው፤ ጀርባ ደግሞ ዓይን የለውም።
ያንቺ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት፣ እጁን ወደ በሩ ዘርግቶ
'ወደ ፊት እዩ፣ ይመጣል!' ሲል፣
ትናንትን ጠብቁ ነው የሚለን።
ጠበቅን እኮ። ክፋት የለውም።"

ስነግርህ ሾርባው ትን አለህ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልለየሁም።
ሌሊት ግን በጨለማው ውስጥ፣ ከጎኔ፣ እንቅልፍ አልወሰደህም፤
"ሄልካ፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ አራት እሑድ" አልከኝ።
"የታመምክባቸውን ቀንስ" አልኩህ፤
ብርድ ልብሱን ሳብ አደረግህ፤ ጀርባህን ሰጠኸኝ።

ስልክ የሚይዘው ከመቃብሩ በላይ ካለው ጉብታ ነው፤
ፔትሪ ከኦውሉ ደወለ፤ "እማዬ፣ ቤት ተገኘ፣ ሊፍት ያለው፤
ሐኪም ቤቱ ከታች ነው።
ማኅበሩም ተተኪ የለም ብሏል፤ ቁልፉን ለመንደሩ ሰጥታችሁ ኑ።"
"እናስብበታለን" አልከው፤ ነፋስ ግማሹን በላው፤
ስልኩን ሰጠኸኝ። እኔም ስለ ድንቹ አወራሁት፦
ሰኔ ነው፤ ለውርጭ ብለን ሜዳ ላይ በተንነው፤
ነገ ከሴቶቹ ጋር በባዶ እግር እንረግጠዋለን፣ ውሃው እስኪወጣ፤
ከደረቀ አሥር ዓመት ይቆያል።
"አሥር ዓመት?" አለ ልጅህ።
"ድንቹ" አልኩት።

ስንመለስ ጉልበትህ እንቢ አለ፤ ቁልቁለት ሲያይ ይከዳል፤
በጀርባ ሲሆን ግን፣ ማን እንዳስተማረው እንጃ፣ እሺ ብሎ ይወርዳል።
ዞርክ። ፊትህ ወደ መቃብሩ፣ ወደ ቆርቆሮ መስቀሎቹ፣
ግማሾቹን አንተ የቀበርካቸው፤ ሁለቱ ገና ልጆች።
እኔ ከፊትህ፣ ወይስ ከኋላህ ልበል? ክንድህን ይዤ፣
"ድንጋይ አለ። ወደ ግራ። አሁን ቀስ" እያልኩ፣
"ምን ይታይሃል?"
"ሁሉም" አልከኝ። "አንቺስ?"
"የቤታችን ጭስ። ውሻው ደጃፉን ይዞ ተኝቷል።"

ዛሬ ማታ ኩባያህን በሱፍ ቆብህ ጠቀለልኩት፤
ከብርድ ልብሱ ሥር፣ በእግሮቻችን መሃል ሸጎጥኩት።
እንዳትረግጠው፣ ታውኖ።
የምንረግጠው ነገ ነው፤ እሱም ድንቹን።