ራሷን የወለደች

ከቹርኒ ወንዝ ማዶ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣
ራጃኒጋንዳው በኬሻ ይጫናል ለመንገድ፤
ግማሹ ለሙሽራ፣ ግማሹ ለሬሳ፣
ባቡሩ አይለይም ከራናጋት ሲነሣ።

የእኔ ሥራ ቅጠሉ ነው።
ሃያ አንድ ስም ጽፌ በሃያ አንድ ብልቃጥ፣
በሚጤስ ብርድ ውስጥ ቅጠል ስወቅጥ፣
ኒባራን ገባብኝ፤ በእጁ ሁለት ራስ፣
ሽንኩርት መሳይ፤ አንዱ ከነጭቃው፣ አንዱ በጨርቅ ልብስ።

«ይቺ ያማቴ ናት፣ የቶሩላታ ዘር፤
ያቺ የጎራቻንድ፣ ከአጥሩ ሥር።
አንድ ናቸው ብሎ ሌባ ያደርገኛል፤
ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነስቶኛል።
ተምራለች አሉኝ፤ ዘሯን ቁጠሪልኝ፣
እስከ ሰባት ቤቷ አያቷን ጥሪልኝ።»

አያት የላትም እኮ።
በዚህ መሬት ላይ ራስ ነው ራስን የሚወልድ፤
ያለ አባት፣ ያለ ምጥ፣ ያለ ዘመድ አዝማድ።
የሠርግ አበባ ናት፣ ራሷ ያላገባች፣
ከጎኗ ተቆርሶ የወደቀውን ሁሉ «እኔ ነኝ» ያለች።

ማታ መስኮት ዘግቼ፣ ጄሉ ላይ መብራት ስጥል፣
የዘሩ መስመር በራ፣ እርከን በእርከን፣ እንደ መሰላል፤
የኒባራንም አራት፣ የጎራቻንድም አራት፣
አንዷ እርከን ሳትዛነፍ፣ በአንድ ቁመት፣ በአንድ ስፋት።
ለካ ሰባት ዓመት የተኳረፉት በአንዲት ናት!
ከስሞቹም የአሥራ ሦስቱ ደማቸው ያው ነው፤
የለያያቸው ነጋዴና ሚዛን ነው።
ሜዳው ሙሉ አንዲት ናት፣ በብዙ ስም የምትጠራ፤
የአንዷን በር የከፈተ ትል የሁሉንም ቁልፍ ሠራ።

ኒባራን ሰማኝ። ምንም አልመለሰ።
ሁለቱን ራስ በአንድ ኪስ ከትቶ ወደ ቤቱ ገሰገሰ።

ሃያ አንደኛዋ ግን፣
ከኩሬው ዳር የመጣች፣ ከዳክዬ ቤት ጥግ፣
ቀጭን፣ ባለ አንድ ረድፍ፣ የማትበቃ ለሠርግ፣
ከማንም መስመር ጋር አልገጥምም ያለች፤
ኪሮንባላ የምትባል መበለት «ያቺ» እያለች
ስም ሳታወጣላት ዓመታት ያኖረቻት።
ሮጬ ሄድኩ፤ ስለ ትሉ፣ ስለ ነገ ነገርኳት።

ድስቷን በአመድ እየፈተገች፣ ቀና ሳትል፣
«ትሉ እንደማይነካት ለማወቅ ነው ያ ሁሉ ማምሸት?
ይሄንማ ዳክዬዎቼም ያውቃሉ» አለች፤ ቆየት ብላም፣
«ቅጠሏ ለጥናትሽ፤ ይሁን።
ነቅለሽ የሄድሽውን ራሷንስ? መቼ ነው የምትመልሺው?»

ቢሮዬ መስኮት ላይ፣ በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ፣
ሁለት ሆና ነበር።